ጋሽ ዋጠውና አርባ አንዱ ካርቶን

በፋርማሲ ተመርቄ የሥራ ዕጣ ሲወጣ እስር ቤት ደረሰኝ። አብረውኝ ከተማሩት አንዷን የሕፃናት ሆስፒታል ደረሳት፣ አንዱን የመድኃኒት ፋብሪካ። እናቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ "ስንት ዓመት ይላል?" አለችኝ። ለጎረቤት ግን "ትልቅ የመንግሥት ተቋም ነው፤ ጥበቃው ብቻ!" እያለች አወራች። አልዋሸችም። ጥበቃውማ ጥበቃ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን የበሩ ሃምሳ አለቃ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠና ሦስት የራስ ምታት ክኒን አገኘ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የራስ ምታት መድኃኒት።"

"መድኃኒት ይዞ መግባት ክልክል ነው።"

"እኔ እኮ አዲሷ ፋርማሲስት ነኝ!"

"እሱንማ ደብዳቤሽ ላይ አይቻለሁ። ለዚህ አይደል በትህትና የምነግርሽ።"

ክኒኖቹን ፖስታ ውስጥ አሽጎ ስሜን ጻፈበት፤ ስትወጪ ትወስጃለሽ አለኝ። ማታ ስወጣ ደግሞ "መድኃኒት ይዞ መውጣት ክልክል ነው" አለ። ፖስታው እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ አለ።

የዚያን በር ሕግ ያልያዘ ሰው ይህን ታሪክ ስለማይዝ አስቀድሜ ልንገራችሁ። በበሩ የሚገባ ሰው አራት ዓይነት ነው፦ ሠራተኛ፣ ታራሚ፣ ጠያቂና ዕቃ አቅራቢ። ሠራተኛ በስም ዝርዝር ይወጣል፣ ጠያቂ በካርዱ፣ አቅራቢ በደረሰኙ፣ ታራሚ በመፍቻ ትእዛዝ። ቆሻሻ በጋሪ ይወጣል፤ እሱም ሰው ተደብቆበት እንዳይሆን በብረት ዘንግ ከተወጋ በኋላ ነው። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ነገር ከገባ በኋላ አይወጣም። ሃምሳ አለቃው ይህን ሕግ አላወጣውም፤ ግን ካወጡት ሰዎች በላይ ይወደው ነበር።

ፋርማሲው ከሕክምና ክፍሉ ጥግ ያለ፣ አምስት እርምጃ በሦስት እርምጃ የሆነ ክፍል ነው። ወደ ግቢው የሚከፈት ፍርግርግ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ በሰንሰለት የታሰረ የብረት ኩባያ። ኩባያው ምን አድርጎ ታሰረ ብዬ ብቀልድ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ቀጭን ሽማግሌ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ብለው "ሁለቴ ጠፍቷል" አሉኝ፤ ሳይስቁ። እሳቸው ናቸው ጋሽ ዋጠው።

እናት አባት ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ታራሚውም ጠባቂውም፣ ውሎ አድሮ እኔም፣ ጋሽ ዋጠው ነው የምንላቸው። በዚያ መስኮት ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ይሰለፋል፤ ሳንባው የታመመ፣ ደም ግፊት ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው። እያንዳንዱ ስሙንና ቁጥሩን ይናገራል፣ ክኒኑን በጠርሙስ ክዳን ይቀበላል፤ ከዚያ ጋሽ ዋጠው አራት ቃል ይናገራሉ። "ዋጠው። አፍ። ምላስ። ሂድ።" ክኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ በኋላ በሲጋራ የሚለውጥ ስለማይጠፋ፣ አፍ ተከፍቶ ምላስ ተነስቶ ካልታየ ማንም ከመስኮቱ አይነቃነቅም። በትምህርት ቤት "መድኃኒትን በዓይን እማኝነት ማስወሰድ" የሚባል ሙሉ ምዕራፍ ተምሬ ነበር፤ ጋሽ ዋጠው ምዕራፉን በአራት ቃል ጨርሰውታል።

ነገሩ አመል ሆኖባቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሻይ ጋር ብስኩት ሰጡኝና አፌ ውስጥ እስካስገባው ጠብቀው "ዋጪው" አሉኝ። ዋጥኩ። "አፍ" አሉ። ከፈትኩ! ምላሴንም አነሳሁ! ሁለት ዲግሪ ለመያዝ የማስብ ሴት በብስኩት ተፈተሽኩ።

ሰባት ሰዓት ሲሞላ ደግሞ የምሳው መድኃኒት ታድሎ ያበቃና የስልኩ ትርኢት ይጀምራል። ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ያለን አንድ የጠረጴዛ ስልክ ነው፤ እሱም በበሩ ማዞሪያ በኩል ነው የሚያልፈው። ማዞሪያው ላይ የሚቀመጠው ያው ሃምሳ አለቃው ነው፤ ንግግር ሁሉ እየሰማ። ጋሽ ዋጠው የስልኩን እጀታ ያነሱና "ቤት" ይላሉ። ሃምሳ አለቃው ያገናኛል። ከዚያ እንዲህ ይቀጥላል።

"አነሳሽው? ምላስሽ ላይ አድርጊው። መሐሉ ላይ መስመር አለው?... አለው። ጎበዝ። ዋጪው። አፍ። ምላስ።"

በስልክ እኮ ነው! አፍ ክፈቺ የሚሉት በስልክ ነው። እሳቸውም መነጽራቸውን አስተካክለው እጀታውን ትኩር ብለው ያዩታል። ከመስመሩ ላይ የሃምሳ አለቃው ድምፅ "የዋጡ ይመስለኛል ጋሼ" ይላል። "እሺ፣ ተመስገን" ይሉና ይዘጋሉ።

መጀመሪያ ቀን ሳቄን ለማፈን ወደ ማቀዝቀዣው ዞሬ ነበር። ሁለተኛው ቀን ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የጣታቸው ጫፍም ደንዝዟል። ሁለቱም ክኒናቸው ነጭ ነው፣ ሁለቱም ክብ። አንዱ ግን መሐሉ ላይ ለመስበሪያ የተሠራ መስመር አለው፤ ያንን መስመር ዓይናቸውም ጣታቸውም አያገኘው፣ ምላሳቸው ብቻ ያውቀዋል። የጠዋቱንና የማታውን ጋሽ ዋጠው ራሳቸው ይሰጣሉ። የቀኑ ነው ችግሩ። አንድ ጊዜ በሦስት ክዳን ለይተው ትተውላቸው ሄደው፣ እትዬ ጠረጴዛ ሲወለውሉ ክዳኖቹን ገልብጠው በግምት ለቀሙና ከምድጃው ሥር ወድቀው ተገኙ። ልጅ የላቸውም፤ ጎረቤት ማስቸገር ደግሞ ለእትዬ ሞታቸው ነው። መፍትሔው ስልክ ሆነ።

"ለሁለት መቶ ወንበዴ በእጄ እሰጣለሁ፤ ለሚስቴ በሽቦ" አሉኝ። ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር ቀርቷቸው ነበር። ሌላው ሰው ጡረታን የሚናፍቀው ለዕረፍት ነው፤ እሳቸው የናፈቁት ለዚያች ለሰባት ሰዓቷ ክኒን ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ክፍል እንግባ። ከፋርማሲው ጀርባ ሁለት ቁልፍ ያለው መጋዘን አለ። ታራሚዎቹ "ዕድሜ ልክ" ብለው ሰይመውታል፤ የገባ አይወጣማ። ውስጡ አርባ አንድ ካርቶን የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ መድኃኒት እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ጋሽ ዋጠው ሰነፍ ሆነው አይደለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲያዙ የዓይን ጠብታ ይመጣል። ሁለት ካርቶን ሲያዙ ዘጠኝ ይመጣል፤ ሊያልፍበት ስምንት ሳምንት የቀረው። አንድ ዓመት ሦስት ካርቶን የነፍሰ ጡር ቫይታሚን መጣ። እስር ቤቱ የወንዶች ነው።

ለአሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ ጽፈዋል። ጤና ቢሮ "ወደ ማቃጠያው አምጡልን እናቃጥላለን" አለ። በሩ "የመፍቻ ትእዛዝ ይምጣ" አለ። ፍርድ ቤቱ "እኛ የምንፈታው ሰው ነው" አለ። ግቢ ውስጥ ማቃጠል እንዳይቻል እሳት መለኮስ በእስር ቤቱ ደንብ የተከለከለ ነው። አንዴ አንዱን ካርቶን በቆሻሻ ጋሪ ሊያስወጡ ሞክረው፣ ጠባቂው በዘንጉ ሲወጋው ቀይ ሽሮፕ ፈሰሰ። "ሰው ወጋሁ!" ብሎ ጮኸ። በሩ ግማሽ ቀን ተዘግቶ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በቆሻሻ ጋሪ ማውጣት የሚባል ነገር የማይነሳ ሆነ፤ ካርቶኑም ተመልሶ ገባ።

የጡረታው ደብዳቤ ደረሰ። ጋሽ ዋጠው አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ የርክክቡን ወረቀት በካርቦን ሦስት ቅጂ ጽፈው ፊቴ አስቀመጡ።

"እንግዲህ ልጄ፣ እዚህች ላይ ፈርሚልኝና ልሂድ።"

አነበብኩት። የመደርደሪያው ሁሉ ልክ ነበር። የመጨረሻው መስመር ግን "አርባ አንድ ካርቶን፣ ጊዜው ያለፈበት" ይላል።

"የመደርደሪያውን እፈርማለሁ። ዕድሜ ልክን አልፈርምም" አልኩ።

ምክንያት ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት የተረከበ ሰው ነገ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ተጠያቂው እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሌላ ሰው ላከማቸው እኔ ልጠየቅ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ አይደል? ለመታሰር ከሆነ ቢያንስ ወንጀል ሠርቼ በወጉ እመጣ ነበር።

ጋሽ ዋጠው አልተቆጡም። "እውነትሽን ነው። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አልፈርምም" አሉና ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ርክክብ ከሌለ ክሊራንስ የለም። ክሊራንስ ከሌለ ንብረቱ በእጃቸው ነው፤ ዕለታዊ መድኃኒትም የሚወጣበት ያው መጋዘን ደግሞ እሳቸው ካልተገኙ አይከፈትም፤ ቁልፉም ከግቢ አይወጣም። ስለዚህ ጡረታ በወጡ በማግስቱ ወደ ሥራ መጡ። የሠራተኛ አስተዳደር ግን ጡረታን በሰዓቱ ያውቃል፤ ስማቸውን ከበሩ ዝርዝር ሰርዞታል።

"ጋሼ፣ የሉም" አላቸው ሃምሳ አለቃው፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወርዶ።

"እንዴት የለሁም? ሠላሳ አንድ ዓመት 'እንደምን አደሩ' ስትለኝ የነበረው ማንን ነው?"

"እሱ እርስዎን ነው። እዚህ ላይ ግን የሉም።"

አሰቡ፣ አወጡ አወረዱ። ሠራተኛ አይደሉም። አቅራቢ አይደሉም። ታራሚ ለመሆን ፈቃደኛ አልሆኑም። የቀረው ጠያቂ ነው። ጠያቂ ደግሞ የሚጠይቀውን ታራሚ ስም ማስመዝገብ ስላለበት፣ ጋሽ ዋጠው ከታራሚዎቹ ውስጥ የሚያውቁትን የአንዱን ስም ሰጡ። ሰውዬው ውጭ ሳለ ማመልከቻ ጸሐፊ የነበረ፣ የሰው ፊርማ አሳምሮ በመፈረሙ የገባ ነው፤ ጸሐፊው እንለዋለን። አንድ ሳምንት በእሱ ስም ገቡ። ችግሩ ለአንድ ታራሚ በሳምንት የተፈቀደው አንድ ጠያቂ ብቻ ነው፤ የጸሐፊው እህት ከሩቅ መጥታ "ኮታው ሞልቷል" ተብላ ተመለሰች። ጸሐፊው በፋርማሲው መስኮት መጥቶ "ጋሼ፣ እወድዎታለሁ፤ ግን እህቴ የተጠበሰ ዶሮ ታመጣልኛለች፣ እርስዎ የሚያመጡልኝ ክኒን ነው" አላቸው።

ያኔ ነው ሃምሳ አለቃው ሊቅነቱን ያሳየው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ መርዳት ፈልጎ ነው።

"ጋሼ፣ በእውነት የሚመጡት ለማን ነው?"

"ለካርቶኖቹ።"

"በቃ! እሱን እንጻፋ። እኔ መዝገብ ላይ ሐሰት አልጽፍም።"

የጠያቂው መዝገብ ላይ ለመጻፍ ተጠያቂው መጀመሪያ የታራሚዎች መዝገብ ላይ መኖር አለበት። ጻፈው። ስም፦ ካርቶን። የአባት ስም፦ መድኃኒት። የገባበት ምክንያት፦ ጊዜው በማለፉ። የፍርድ ዘመን፦ ያልተወሰነ። ቁጥርም ሰጠው፣ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሦስት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ዋጠው ካርቶን መድኃኒትን ሊጠይቁ በየቀኑ ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይገባሉ። ጠያቂ ካርዱ የሚመለስለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት መውጣት የለም። የጠዋቱንና የማታውን ሰልፍ፣ ቀን ከመጋዘኑ በሚያወጡልኝ መድኃኒት፣ ለእኔ ትተው፣ ከቀኑ መሐል ያለችውን ሰዓት ብቻ ለእስር ቤቱ ይገብራሉ። ለእትዬ የሚፈልጓትን ሰዓት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከጎናቸው ቆሜ "ምላስሽ ላይ አድርጊው" ሲሉ እሰማለሁ፤ የደረት ኪሳቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት ጠርዙን አያለሁ፤ አልፈርምም። ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር። ሕግ ከጎኑ የሆነ ሰው የሽማግሌ ዓይን ማየት የሚከብደው ለምን እንደሆነ እስከ አሁን አልገባኝም።

እንዲህ እያለ ወሩ አለቀ። በየወሩ መጀመሪያ ቀን ጠቅላላ ቆጠራ አለ፤ ከሌላው ቆጠራ የሚለየው አዲስ ዝርዝር ከበሩ መዝገብ ተገልብጦ ስለሚመጣና ጠባቂ ሁሉ፣ የማዞሪያውም ጭምር፣ ወደ ሜዳ ስለሚወጣ ነው። ቆጠራው ካልገጠመ በር አይከፈትም፤ ለማንም።

ሰባት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ደወሉ ተደወለ። ጋሽ ዋጠው እጀታውን አንስተው "ቤት" አሉ። ማዞሪያው ዝም አለ።

"ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ፤ እጀታውን ግን አላስቀመጡትም።

በመስኮቱ ሜዳውን አየሁት። ቆጠሩ፤ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት። ዝርዝሩ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሦስት ይላል። ደግመው ቆጠሩ። ሠልሰው ቆጠሩ። ወጥ ቤት ተፈተሸ፣ ሽንት ቤት ተፈተሸ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ጋሽ ዋጠው እጀታውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ተቀምጠዋል። "ሳልላት አትውጥም" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለስልኩ እንጃ። "ሳትውጥም አትበላም።" የጠዋቱ መድኃኒት እትዬ ሆዳቸው ውስጥ አለ፣ ምግብ ግን የለም፤ ፋርማሲስት ለሆነ ሰው ይህን መተርጎም አያስፈልግም። ስኳራቸው እየወረደ ነው። ሁለታችንም ሰዓቱን እያየን ነበር፤ እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

በመጨረሻ የእስር ቤቱ አዛዥ ሻምበሉ በስም ይጠራ አሉ። አንድ በአንድ ተጠራ፣ አንድ በአንድ "አቤት" ተባለ። እንዲህ ሲል ሲል እዚያ ደረሰ።

"ካርቶን መድኃኒት!"

ዝም።

"ካርቶን መድኃኒት!"

ዝም። ከዚያ አንዱ ጠባቂ "ካርቶን አምልጧል!" ብሎ ጮኸና ሳይረኑ አገሩን አናወጠው።

"መልኩን የሚያውቅ?" አሉ ሻምበሉ።

"እኔ አውቀዋለሁ" አለ አንዱ ጠባቂ፤ ሳያውቅ መቅረት ያስጠይቀዋላ። "ጠይም ነው፣ አጠር ያለ። ዝምተኛ።"

"ባለፈው ሳምንት ኳስ ሲጫወት አይቼዋለሁ" አለ ሌላው። "በረኛ ነው።"

ሃምሳ አለቃው ከሰልፉ ዳር ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ቢናገር ማዕረጉ ይወርዳል፤ ባይናገር ጠባቂዎቹ ጠይምና አጠር ያለ በረኛ ፍለጋ ሊሰማሩ ነው። ያን ጊዜ ከፋርማሲው ወጥቼ በሜዳው መሐል እየሮጥኩ ሄድኩ። ሃምሳ አለቃው በዓይኑ ተማጠነኝ፤ አላዘንኩለትም።

"ሻምበል፣ ካርቶን ሰው አይደለም! ካርቶን ነው! ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ነው፤ ፋርማሲው ውስጥ ነው ያለው። ጋሽ ዋጠውን ለማስገባት ብለው ነው የመዘገቡት። እባክዎ ስሙን ይሰርዙትና በሩ ይከፈት፣ ሰው ቤቱ ታሞበታል!"

ሻምበሉ አዩኝ። ከዚያ ዝርዝሩን አዩ።

"ከመዝገብ ስም የሚሰረዘው በመፍቻ ትእዛዝ ወይም በሞት ነው" አሉ። "ሞቷል?"

"አልሞተም፣ ጊዜው ነው ያለፈበት።"

"ካልሞተ ይምጣና ይቆጠር።"

 በወረቀት ሽማግሌ ያሰርኩት እኔው ነኝ፤ በምን አፌ ልከራከር! ወደ ፋርማሲው ተመልሼ ሮጥኩ። ጋሽ ዋጠው ሁለቱን ቁልፍ ከፈቱ፤ ከአርባ አንዱ ለበሩ የቀረበውን አንስተን ተሸከምነው። የነፍሰ ጡሩ ቫይታሚን ነበር። ሜዳው ላይ አምጥተን ከሰልፉ ውስጥ፣ ከጸሐፊው ጎን አቆምነው። ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ሰው አንገቱን አስግጎ አየው።

"ካርቶን መድኃኒት!" አለ ጠሪው።

ዝም።

"አቤት ካላለ አልተቆጠረም" አሉ ሻምበሉ።

ጋሽ ዋጠው ካርቶኑን አዩት። እኔም አየሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ሰዓት አቤት እንዲል በሙሉ ልቤ ጠበቅኩት።

"አቤት!" አለ ጸሐፊው፤ ድምፁን ቀጠን አድርጎ። የሰው ፊርማ ሲፈርም የኖረ ሰው የካርቶን አቤት አይከብደውም። ጠሪው ምልክት አደረገ። ቆጠራው ገጠመ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።

ሃምሳ አለቃው ካርዱን ሳይጠየቅ እየሮጠ አመጣ። እኔ የመውጫ ሰዓቴ አልደረሰም፤ "ትመዘገቢያለሽ" አለኝ፣ "መዝግበኝ" አልኩት። ታክሲ ውስጥ የጋሽ ዋጠው እጅ እጀታውን እንደያዘ ሁሉ ቀርቶ ጣቶቻቸው አንዘረጋም ብለው ነበር።

በሩ አልተቆለፈም። እትዬ ከስልኩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ እጃቸው እጀታው ላይ ነው። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ አፋቸው ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ፊታቸው ካለው ሳህን ላይ ሦስት የሟሙ ነጭ ነገሮች ነበሩ። ወዲያው ገባኝ። ክኒኑን ምላሳቸው ላይ አድርገው ስልኩን ሲጠብቁ፣ ሲሟሟ ሳይውጡ ተፍተውት፣ ሌላ አድርገው ሲጠብቁ፣ እሱም ሲሟሟ። ዋጪ ያላቸው የለማ። ምሳቸው ሳይነካ በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው።

ስኳር ፈልጌ ሦስት ማንኪያ ሙሉ በውኃ በጠበጥኩ። ኩባያውን ከንፈራቸው ላይ አስጠጋሁ፤ አፋቸውን አልከፍትም አሉ። የማያውቁት እጅ ነው፣ የማያውቁት ድምፅ።

"እትዬ፣ በሞቴ ጠጡ!"

ወይ ፍንክች። ጋሽ ዋጠው መሬት ላይ ተንበረከኩ፤ አራተኛዋን ክኒን በጣታቸው ከእትዬ ምላስ ላይ አነሱላቸውና ኩባያውን ከእኔ ተቀበሉ።

"ዋጪው" አሉ።

ዋጡ። እንደገና ዋጡ። ኩባያው ባዶ እስኪሆን ዋጡ። ትንሽ ቆይተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አነሱ። አራተኛዋ ቃል ቀረች። ጋሽ ዋጠው "ሂድ"ን ለሚስታቸው ብለው አያውቁም፤ የዚያን ዕለትም አላሉም። እትዬ ጉልበት ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ቆዩ።

"ዛሬ መስመሩ ተቋርጦ ነበር?" አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ሲመለስ።

"አዎ፣ ተቋርጦ ነበር" አሉ ጋሽ ዋጠው።

 ስኳር የበጠበጡት እጆቼ ሥራ ፈተው ተንጠልጥለዋል። እጄን ዘረጋሁና "ወረቀቱን ይስጡኝ" አልኳቸው። የቱን አላሉም። አራት ቦታ የታጠፈውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ ላባቸው አርሶት ካርቦኑ ተላልፏል። ከሳህኑ አጠገብ ዘርግቼ ሦስቱንም ቅጂ ፈረምኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ወረስኩ።

ሃምሳ አለቃው ማዕረጉ አልወረደም፤ ካርቶኑ በትክክል ተመዝግቦ በትክክል በመቆጠሩ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው። ካርቶን መድኃኒትም በየወሩ መጀመሪያ ሜዳ ይወጣል። ጸሐፊው ከመፈታቱ በፊት የአመክሮ ማመልከቻ ጻፈለት፤ በቆይታው ከማንም ጋር እንዳልተጣላ፣ ከዲሲፕሊን ቅጣት ነፃ እንደሆነ። ኮሚቴው ማመልከቻውን ተቀብሎ "መጸጸቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይቅረብ" ብሎ መልሶልኛል፤ እያሰብኩበት ነው። ሌሎቹን አርባዎቹን ገና አላስመዘገብኳቸውም።

አሁን መስኮቱ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ታራሚዎቹ "እቴ ዋጠው" ማለት ጀምረዋል፤ ልቆጣ ልቆጣ ይለኝና እተወዋለሁ። የቀኑን መድኃኒት አድዬ ስጨርስ እንጀራዬን ከፊቴ አደርግና ስልኩን አያለሁ። ሰባት ሰዓት ከአምስት ሲሆን ይደወላል። ጋሽ ዋጠው ከቤታቸው ናቸው፤ ሰላምታ አያውቁም።

"ዋጠች" ይሉኛል።

"እኔም ሰምቻለሁ" ይላል ሃምሳ አለቃው ከመስመሩ ላይ።

ይዘጋሉ። እስከዚያ ድረስ እኔም ጉርሻዬ አይዋጥልኝም።